ለአራት ወር ውጭ ላብ (ላቦራቶሪ) ልሄድ ነው፤ ከአገር ምን ይዤ ልሂድ?

መምህሩ_ከደቡብ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሲቪል ኢንጂነሪንግ አስተምራለሁ፣ ደቡብ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ። ሦስተኛ ዲግሪዬን ጀምሬያለሁ። ሰሞኑን አውሮፓ ካለ የግንባታ ቁሶች ምርምር ማዕከል የአራት ወር የልውውጥ ዕድል አገኘሁ። ቲኬትም የኪስ ገንዘብም ተችሏል። ደስ ብሎኛል፤ ግራም ገብቶኛል።

እዚያ ያለው ፕሮፌሰር በኢሜይል «ምን መሥራት ትፈልጋለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። «እናንተ የምትሰጡኝን» ብዬ ልመልስ ስል ጓደኛዬ እጄን ያዘኝ። ርዕሴ ባጭሩ ሲሚንቶ ውስጥ ያለውን የክሊንከር (በከፍተኛ ሙቀት ተቃጥሎ ሲፈጭ ሲሚንቶ የሚሆነው ጓል) ድርሻ በአካባቢያችን ሸክላ አፈርና በፑሚስ (ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) መቀነስ ነው።

ናሙና ይዤ ልሂድ ወይስ እዚያ ያለውን ልጠቀም? አራት ወር ምን ያሠራል? ስመለስስ ነገሩ እንዳይሞት ምን ላድርግ? የኛ ላብ ያለው የኮንክሪት ኪዩብ ጥንካሬ መለኪያ መስበሪያ፣ ወንፊት፣ ማድረቂያ ኦቨንና አንድ አሮጌ ፈርነስ (የከፍተኛ ሙቀት ምድጃ) ነው። አትሳቁ።

---

ኪዩብ_ሰባሪዋ

እንኳን ደስ ያለህ! ማንም አይስቅም፤ እኔም ያደግኩት በዚያው ወንፊት ነው። ጀርመን ከመጣሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ።

አራት ወር የሚባለው አራት ወር እንዳይመስልህ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በቁልፍ፣ በኢንሹራንስ ወረቀትና በደህንነት ሥልጠና ያልቃሉ። ማሽን የሚገኘው በቀጠሮ ነው። እኔ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑ ጋ ለመቀመጥ አንድ ወር ጠብቄያለሁ። ሲሚንቶ ደግሞ አንተ ስለቸኮልክ አይቸኩልም። የ28 ቀን ጥንካሬ 28 ቀን ይፈልጋል። የ90 ቀን ልለካ ካልክማ ከኤርፖርት በቀጥታ ላብ ገብተህ ማቡካት አለብህ።

ስለዚህ ኪዩቡን አገር ቤት ስበር። መስበሪያ አለህ አይደል? እዚያ የምትሠራው አገር ቤት የማይቻለውን ብቻ ይሁን፤ ካሎሪሜትር (የምላሹን ሙቀት የሚለካ)፣ ኤክስሬይ ዲፍራክሽን (ማዕድኑን የሚለይ)፣ የቀዳዳ ልኬት። ኪዩብ ለመስበር ባሕር አይሻገሩም።

አንድ ዘዴ ልንገርህ፣ እኔ ዘግይቼ ነው ያወቅኩት። ሲሚንቶውን አሁን አቡካው። በ7፣ በ28፣ በ90 ቀኑ ቀጭን ቀጭን ቁራጭ እየቆረጥክ አይሶፕሮፓኖል ውስጥ ንከረው። ፈሳሹ ውሃውን ይተካና ምላሹ ባለበት ይቆማል። ከዚያ አድርቀህ፣ አየር እንዳይገባው አሽገህ ይዘህ ትሄዳለህ። ስትደርስ የሦስት ወር ዕድሜ ያለው ናሙና ሻንጣህ ውስጥ አለ ማለት ነው።

---

ነጭ_አፈር

መምህር፣ «የምትሰጡኝን» እንዳትል። ታሪክ ልንገርህ።

ኩባ ውስጥ ሲሚንቶ ይቸግራል፤ ነዳጅም ይቸግራል። ሳንታ ክላራ ከተማ ያለው የላስ ቪያስ ማዕከላዊ ዩኒቨርሲቲ፣ በነፈርናንዶ ማርቲሬና በኩል፣ ለዓመታት ይዞት የቆየ ጥያቄ ነበረው። በትንሽ ክሊንከር ብዙ ሲሚንቶ እንዴት ይሠራል? ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ውስጥ ባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ ኢፒኤፍኤል፣ ደግሞ የካረን ስክሪቭነር ላብ አለ። ሲሚንቶ ውሃ ሲነካው ውስጡ ምን እንደሚፈጠር በማየት የተካኑ ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ተገናኙ። በኋላ አይአይቲ የሚባሉት የህንድ የቴክኖሎጂ ተቋማት ገቡበት፤ የዴልሂው፣ የማድራሱ፣ የቦምቤዩ። የስዊዘርላንድ መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት ገንዘብ አወጣበት።

የወጣው ነገር ኤልሲ3 ይባላል። 50 በመቶ ክሊንከር፣ 30 በመቶ የተቃጠለ ሸክላ፣ 15 በመቶ ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ፣ 5 በመቶ ጂፕሰም። ክሊንከር ለማውጣት 1450 ዲግሪ ያስፈልጋል። ሸክላው ከ700 እስከ 850 ይበቃዋል። ከዚያም በላይ፣ ሸክላ ሲቃጠል የሚተነው ውሃ ነው፤ ኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ግን የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የሲሚንቶ ልቀት ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከዚሁ ከድንጋዩ ነው እንጂ ከነዳጁ አይደለም። ሸክላው ውስጥ ያለው አሉሚና ከኖራ ድንጋዩ ጋር ተጋግዞ ቀዳዳውን ይደፍናል። በሸክላው ውስጥ ካኦሊናይት የሚባለው የሸክላ ማዕድን 40 በመቶ አካባቢ ከሆነ፣ በ7 ቀን ጥንካሬው ከተራው ሲሚንቶ ጋር ይስተካከላል። ሲኒ የሚሠራበት የጠራ ነጭ አፈር የግድ አያስፈልግም ማለት ነው።

በ2013 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሲጓኔይ በሚባለው የኩባ ፋብሪካ ከመቶ ቶን በላይ አምርተው ሞከሩት። ብሎኬትም ተሠራበት።

ልብ በል፣ ጥያቄው የኩባ ነው። ማይክሮስኮፑ የሎዛን ነው። ኩባዎቹ «የምትሰጡንን እንሥራ» ብለው ሄደው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስማቸውን ማንም አያነሳም ነበር።

---

ባለ_ብሎኬት

እኔ ፒኤችዲ የለኝም፤ ብሎኬት ነው የማመርተው። ግን ክሩን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሸክላ ሲቃጠል ይቀላል አይደል? ደንበኛ ቀላ ያለ ብሎኬት ካየ «አፈር ቀላቅለህበታል» ብሎ ጥሎኝ ነው የሚሄደው። እናንተ ጥንካሬ ትላላችሁ፤ እኛ ጋ መጀመሪያ የሚታየው ቀለም ነው።

---

ነጭ_አፈር

ደንበኛህ አልተሳሳተም እኮ፣ አፈር ተቀላቅሎበታል 😄

ግን ያነሳኸው ነገር ትክክል ነው፤ ሌላ አገር ያሉ አምራቾችም የተቸገሩበት ነው። ቅላቱ ከብረት ኦክሳይድ ነው። ሸክላው ሲቀዘቅዝ ኦክስጅን ባነሰበት ከባቢ ውስጥ ካለፈ ግራጫ ይሆናል። ፋብሪካ ደረጃ ላይ ይህ ይሠራል። መምህር፣ ይሄን የቀለም ነገር ጥያቄህ ውስጥ ጨምረው። ከብሎኬት አምራች የመጣ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ብዙ የላቸውም።

---

ሊደታ70

ልጆቼ፣ ደስ የሚል ወሬ ይዛችኋል። እኔ ጡረተኛ ነኝ። ሕንጻ ኮሌጅ ነው የተማርኩት፣ ሊደታ። የ70 ተመራቂ ነኝ፣ በኛው አቆጣጠር።

ልውውጥ ስትሉ ሁሌ ከዚህ ወደዚያ የሚሄድ ነገር ታስባላችሁ። የኛ ቤት የተጀመረው ተገላቢጦሽ ነው። በ1954፣ በፈረንጅ ነው የምላችሁ፣ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው የኢትዮ-ስዊድን የሕንጻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ሰዎቹ ከነመሣሪያቸው ወደዚህ መጡ። ማስተማር አንዱ ሥራ ነበር፤ የግንባታ ዕቃ መመርመርና መፈተሽ ሌላው። የጭቃ ቤትን ጉዳይ ሳይቀር እንደ ምርምር ርዕስ ያዩት ነበር። ጭቃና ጭድ፣ የባሕር ዛፍ ማገር፣ ምስጥ፣ ዝናብ። ዛሬ ይሄን ርዕስ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ባልደረቦቹ ይስቁበታል።

ስዊድኖቹን እኔ አልደረስኩባቸውም። የደረስኩበት ላቦራቶሪው ነው። ከየሳይቱ የሚመጣ ኪዩብ ተሰልፎ ወረፋ ይጠብቃል። ፌሮ ይጎተታል፣ ጠጠር ይነፋል። እኛም ተማሪዎቹ እየተላላክን እጃችን ይፈታል። እነሱ ከሄዱ በኋላ ያ ቤት ሥራውን አላቆመም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኮንትራክተሩ ይፈልገዋል፤ ለፍተሻው ይከፍላል። የፕሮጀክት ገንዘብ ቢቆምም ኪዩብ መምጣቱን አያቆምም።

ቆየት ብሎ ደግሞ፣ በ2010 አካባቢ፣ እዚያው ግቢ ከዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ባለ ሁለት ወለል (ምድርና አንድ ፎቅ) የአፈር ቤት ሠርተዋል። ወለሉንና ጣሪያውን ቀጫጭን የአፈር ጡብ እያያያዙ በቅስት ነው ያቆሙት፤ እንደ ኮንክሪት ሶሌታ ሙሉ ካሳፎርማ የለ፣ ፌሮ የለ። እኔ በልጄ ልጅ በኩል ገብቼ አይቼዋለሁ። ግንበኞቹ መጀመሪያ ላይ ከሥሩ ለመቆም ፈርተው ነበር ሲባል ሰምቼ ስቄያለሁ፤ እኔም ብሆን እፈራ ነበር።

---

መምህሩ_ከደቡብ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኪዩቡ መምጣቱን አያቆምም ያሉት ገብቶኛል። እኛ ጋ ከሳይት የሚመጣ ፍተሻ አለ፣ ገቢው ግን ወደ ላቡ አይመለስም። ይሄ ሌላ ክር ይፈልጋል።

---

የጽኩባው

ጃፓን ለስድስት ወር ነበርኩ፣ ጽኩባ ከተማ፣ ኒምስ በሚባለው ብሔራዊ የቁሶች ሳይንስ ኢንስቲትዩት። እዚያ ውስጥ ራሱን የቻለ የመዋቅራዊ ቁሶች ምርምር ማዕከል አለ። ሥራቸው ብረታ ብረት ላይ ያደላል፤ ላንተ በቀጥታ ባይሆንም አሠራራቸው ይጠቅምሃል።

በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ። ብረት በሙቀትና በጭነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ቀስ በቀስ ይለጠጣል። ክሪፕ ይሉታል። ለኃይል ማመንጫ ቦይለር ይሄ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። እነሱ አንድ የካርቦን ብረት ዘንግ በ400 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ አንጠልጥለው ጭነት ሰቅለውበት ተዉት። የጀመሩት ሰኔ 19 ቀን 1969 ነው። የካቲት 27 ቀን 2011፣ በፈረንጁ ወር ማለቴ ነው፣ ጀርመን ውስጥ የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን አለፈ። የሙከራው ሰዓት ብቻ ሲቆጠር 14,853 ቀን! ሙከራውን የጀመረው ሰው ጡረታ ወጥቶ፣ ሙከራው ግን ሥራ ላይ ነበር። የኛ አገር ፕሮጀክት ሦስት ዓመት ሲሞላው ሪፖርት ተጽፎ፣ ኬክ ተቆርሶ ያልቃል።

ውጤቱን ደግሞ አይደብቁም። በ1966 የጀመሩትን የክሪፕ ፍተሻ መረጃ በየጊዜው ያሳትማሉ፤ ዛሬ በኢንተርኔት ተመዝግቦ የሚገባበት ዳታቤዝ አላቸው። መምህር፣ አስተማሪ ነህና ለተማሪዎችህ አሳያቸው።

ትብብራቸውም ከችግር የሚነሳ ነው። በኅዳር 1999 የጃፓን ኤች-2 ሮኬት ሳይሳካ ቀረና ሞተሩ ባሕር ገባ። ወደ 3000 ሜትር ከሚጠጋ ጥልቀት ፈልገው አወጡት። የተሰበረውን ብረት ገጽ የመረመሩት እነዚሁ የቁስ ሰዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ከሕዋ ድርጅቱ ጋር ሆነው ለሮኬት የሚሆኑ ብረቶች የጥንካሬ መረጃ ማሳተም ጀመሩ። ሌላም አለ፤ ከተቋራጩ ታኬናካና ከአንድ ብረት አምራች ጋር ሆነው ለመሬት መንቀጥቀጥ የሚሆን ንዝረት የሚውጥ ብረት ሠርተው ናጎያ ከተማ ረጅም ሕንጻ ውስጥ ተገጥሟል።

ለተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ኒምስ ራሱ ዲግሪ አይሰጥም። እንደ ጽኩባ ዩኒቨርሲቲ ካሉት ጋር ተዋውሎ ነው የሚያስተምረው። ማመልከቻ የሚገባው በዩኒቨርሲቲው በኩል ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

---

ጥሬ_ዳታ

ሁላችሁም ጥሩ ጥሩውን አወራችሁ። መራራውን እኔ ላምጣ።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ አገር ሄጄ አምስት ወር ሠራሁ። ናሙናው ከኛ መንደር የመጣ ነው። የፈጨሁት እኔ፣ የለካሁት እኔ። ስመለስ ፋይሎቹ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ቀሩ። «እንልክልሃለን» ተባለ። ከዓመት በኋላ ጽሑፉ ታትሞ አገኘሁት። ስሜ ምስጋና ላይ ነበር፤ ከማሽን ቴክኒሺያኑ ቀጥሎ።

ማንንም ለማስወቀስ አይደለም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ይሉኝታ ያዘኝ። አንተ ከመሄድህ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ይኑርህ። ጥሬ ዳታው በማን እጅ ይቀመጣል? ቅጂው በየሳምንቱ ይሰጥሃል ወይ? የመጀመሪያውን ጽሑፍ የሚጽፈው ማነው? ሌላ ላብ ናሙናህን ቢጠይቅ ማን ይፈቅዳል? በኢሜይል ይሁን፣ ግድ ፊርማና ማኅተም አይደለም። እነሱ ቅር አይላቸውም፤ እዚያ የተለመደ ነው። ቅር የሚለን እኛ ነን።

ደግሞ ናሙናህን ሁለት ቦታ ክፈለው። ግማሹ አገር ቤት ታሽጎ ይቀመጥ። ነገ ውጤቱ ቢያጠራጥርህ እንደገና የምትለካው ነገር ያስፈልግሃል።

---

ኪዩብ_ሰባሪዋ

@ጥሬ_ዳታ ወንድሜ፣ አይዞህ። ያልከው ሁሉ ትክክል ነው።

ናሙና ስለመያዝ የኔን ቀልድ ልጨምር። የተቃጠለ ካኦሊን ምን ይመስላል? ነጭ፣ የላመ ዱቄት። እኔ ይሄን ሁለት ኪሎ በላስቲክ አስሬ፣ ከበርበሬና ከሽሮ ጎን ሻንጣ ውስጥ አስገብቼ ኤርፖርት ደረስኩ። ቀሪውን ገምቱት። ሦስት ሰዓት ተቀምጬ ስለ ሲሚንቶ ኬሚስትሪ ለፖሊስ አስረድቻለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ በጥሞና የሰማኝ ተማሪ አላጋጠመኝም።

ስለዚህ በፖስታ ድርጅት ይላክ፤ ከተቀባዩ ላብ ደብዳቤ ጋር፣ ምን እንደሆነና አደገኛ አለመሆኑን ከሚገልጽ ወረቀት ጋር። የአፈርና የማዕድን ናሙና ከአገር ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድመህ ማዕድን ሚኒስቴርን ጠይቅ። እርጥበት እንዳይገባው ድርብ ማሸጊያ።

ሌላው፣ አውሮፓን ብቻ አትይ፤ የአፍሪካ ጎረቤቶችህንም እይ። በርሊን ያለው ባም፣ የጀርመን ፌዴራል የቁሶች ምርምርና ፍተሻ ተቋም፣ ከአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ብዙ ሠርቷል። በ2015 ዳሬሰላም ላይ ወጣት ተመራማሪዎችን ያሰባሰበ ጉባኤ ነበር። ከዚያ ዓይነት መድረክ የሚገኘው ትልቁ ነገር የጎረቤት ሰው ነው። ኬንያዊው፣ ታንዛኒያዊው፣ ናይጄሪያዊው ያንተው ችግር አለበት። ከውጭ በዶላር የሚገዛውን የኮንክሪት ማቅጠኛ ኬሚካል በካሳቫ ስታርችና በግራር ሙጫ ስለመተካት የሚሠሩ አሉ። የግራር ሙጫ! እኛ ጋ በየቆላው የሚለቀም ነገር እኮ ነው።

---

አራተኛ_ዓመት

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ እንደዚህ ዓይነት ዕድል ያገኛል?

---

የጽኩባው

አልፎ አልፎ። ዩኒቨርሲቲህ ከውጭ ጋር የተፈራረመው የኢራስመስ (የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም) ልውውጥ ካለ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ቢሮውን ሄደህ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ ማስታወቂያው ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ጊዜው ያልፍበታል።

---

ነጭ_አፈር

መምህር፣ ወደ አሮጌው ፈርነስህ ልመለስ። እሱን ናቅከው፤ እኔ ግን ወርቅ ነው የታየኝ።

እንዲህ ያለ ዱቄት በሲሚንቶ ውስጥ ምን ያህል ንቁ እንደሆነ የሚለካ፣ አር3 የሚባል ፍተሻ አለ። የኢፒኤፍኤል ሰዎች ጀመሩት፤ ከዚያ ሪሌም በሚባለው ዓለም አቀፍ የግንባታ ቁሶች ማኅበር በኩል በየአገሩ ያሉ ላቦች አንድ ዓይነት ዱቄት ተከፋፍለው እየለኩ አወዳደሩት። እውነተኛ ትብብር ማለት ለኔ ይሄ ነው፤ አንድ ዱቄት፣ ብዙ እጅ፣ ውጤቱ ይገጥማል ወይ? አሁን የአሜሪካ የፍተሻ ደረጃ ሆኗል፣ ኤኤስቲኤም ሲ1897።

ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ካሎሪሜትር ይፈልጋል፤ እሱን እዚያ ትሠራዋለህ። ሁለተኛው ያንተ ነው። ለአንድ እጅ ሸክላ ወይም ፑሚስ ሦስት እጅ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ግማሽ እጅ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ የፖታሲየም ጨዎች ያሉበት ውሃ። አቡክተህ አሽገህ 40 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ለ7 ቀን ታቆየዋለህ። ከዚያ ሰባብረህ፣ አድርቀህ፣ ትመዝናለህ። 350 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሰዓት ታቆይና እንደገና ትመዝናለህ። የጎደለው ክብደት በምላሹ የታሠረው ውሃ ነው። ብዙ ከጎደለ ዱቄትህ ንቁ ነው። ለምን 350? ከዚያ ብዙ ካለፍክ ያልተነካው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ራሱ መፍረስ ይጀምርና ቁጥሩን ያበላሽብሃል።

ኦቨን፣ ፈርነስ፣ ሚዛን። ሦስቱም አለህ። አሥር ሸክላ እዚሁ ለካና ከአሥሩ ጎበዞቹን ሁለት ብቻ ይዘህ ሂድ። ያኔ የፕሮፌሰሩን ጊዜ አታባክንም፣ የራስህንም።

---

ባለ_ብሎኬት

መምህር፣ ሸክላ ከፈለግክ የኔ ሾፌር በየሳምንቱ በዚያ በኩል ያልፋል። ሰዉ ምድጃና ጀበና የሚሠራበትን አፈር 20 ኪሎ አስጭኜ ልላክልህ እችላለሁ። ደቡብ ካለው ከቦምቦዋም ካኦሊን (ነጩን ሸክላ) የሚያመጣ ሰው አውቃለሁ። ክፍያው፣ ውጤቱን ለኔም ትነግረኛለህ።

---

መምህሩ_ከደቡብ

*ከአምስት ሳምንት በኋላ*

ሰላም፣ ተመለስኩ። ለፕሮፌሰሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ ሁለት ሸክላና አንድ ፑሚስ እልካለሁ፤ ጥንካሬውን እዚህ እለካለሁ፤ እናንተ ጋ ካሎሪሜትርና ኤክስሬይ እፈልጋለሁ፤ የቀለሙም ጉዳይ አለ። የጥሬ_ዳታን አንድ ገጽም አያይዤ ላክሁ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ። በማግስቱ መለሰ። አንድ ቃል ነው የቀየረው። ጭራሽ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ተማሪውን ወደኛ ልኮ ፑሚሱን ከነቦታው ማሳየት እንደሚፈልግ ጠየቀኝ። የት እንደማሳድረው እያሰብኩ ነው።

አሁን ችግሬ ይሄ ነው። ሸክላውን 750 ላይ አቃጠልኩ። አር3 ስሠራ የቦምቦዋው ካኦሊን ከፑሚሱ አነሰ። እንዴት ሊሆን ይችላል?

---

ነጭ_አፈር

ሊሆን አይገባም። አልበሰለም። ንጹሕ ካኦሊናይት ሲቃጠል ክብደቱ 14 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። «የተቃጠለውን» መልሰህ አቃጥለው። እንደገና ክብደት ከጣለ መጀመሪያም ጥሬ ነበር ማለት ነው።

---

መምህሩ_ከደቡብ

ጣለ። 6 በመቶ። ፈርነሱ ግን 750 ነው የሚለው!

---

ሊደታ70

ልጄ፣ ፈርነስ ይዋሻል። ቴርሞኮፕሉ (ሙቀት መለኪያው) ሲያረጅ ያየውን አይናገርም። እኛ እንዲህ እናደርግ ነበር፤ ከወጥ ቤት ንጹሕ ገበታ ጨው ውሰድ፣ በሸክላ ዕቃ ቁንጥር አድርገህ አስገባ። ጨው የሚቀልጠው 801 ዲግሪ ላይ ነው። ቁጥሩን 820 አድርገህ አንድ ሰዓት ጠብቅና እየው።

---

መምህሩ_ከደቡብ

ጋሼ፣ አሁን ከላብ ነው የምጽፈው። 820 ላይ አንድ ሰዓት ቆየ፣ ምንም የለም። 850 አደረግኩት። 880 አደረግኩት። ጨው አሁንም ጨው ነው።